የአመዱ ጉድጓድ

«እንቁላሏን ማን ነው የሚበላው?»

የእንስሳት ሐኪሟ ይህን ስትጠይቅ ዓይኗን ከራጁ ላይ አልነቀለችም። ራጁን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋዋለች፤ የቀኑ ብርሃን ከኋላው ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ገብስማዋ ዶሮ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልላ፣ አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ ተኝታለች። ክንፎቿ ከረገቡ፣ እግሮቿም አንሸከምም ካሏት ሰንብተዋል።

«እኛ ነን የምንበላው» አለች አለቃ። «ግን ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለእግሯ ነው።»

ይቺን ልጅ «አለቃ» ያላት አባቷ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ስታዝ፣ ስትቆጣ፣ ስታስታርቅ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት አይችልም። ዛሬም ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ደብተሯን ወርውራ፣ ገብስማዋን በካርቶን ታቅፋ ነው የመጣችው። መንገድ ላይ ያገኛት የክፍሏ ልጅ «ምሳሽ እስካሁን በሕይወት አለ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድባት መልስ እንኳ አልሰጠችውም። ዶሮ የታመመችባት ሰው ቀልድ አያስቃትም።

«ነይ እስቲ፣ ቀረብ በይ» አለች ሐኪሟ። «ዶሮ ጥርስ የላትም። እህሉን የሚፈጭላት ጠጠር እየለቀመች ትውጣለች። ይሄ ደብዘዝ ያለው ጠጠር ነው። ይሄስ?»

አለቃ አየች። በገብስማዋ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ተበትነዋል። ጥቁር ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ስኳር ይመስላሉ።

«ጠጠር እንዲህ አያበራም። ብረት ነው። እንደኔ ግምት እርሳስ ነው፤ የምትጽፊበትን ማለቴ አይደለም፣ ከባዱን ብረት። አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«ባትሪ ይሠራል። የመኪና ባትሪ።»

ሐኪሟ ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። «ዶሮዎቹ ገላቸውን የት ነው የሚታጠቡት? አፈር ላይ ሲንከባለሉ አይተሻል አይደል?»

አለቃ ክው አለች። የሚታጠቡበትን ቦታ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

«አመዱ ላይ» አለች።

የአመዱ ነገር እንዲህ ነው። ቀድሞ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ባትሪ ሠሪ ነበር። የአሮጌ ባትሪ አሲድ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ እየደፋ የሰው ውሻ አቃጠለ፣ የሰው ጫማ በላ፣ በመጨረሻ ከሰፈሩ ሁሉ ተጣልቶ ነቅሎ ሄደ። የአለቃ አባት የራሱን ሱቅ ሲከፍት «እኔ በሰው ላይ እንዲህ አላደርግም» አለና በገዛ ግቢው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ። አሲዱንም፣ ከባትሪው ሆድ የሚጠረገውን ጥቁር ጭቃም እዚያ ይደፋና ከላይ አመድ ያለብሰዋል። አሲዱ አመድ ሲነካው ይንጫጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። አባቷ እጁን እያራገፈ «ሞተ» ይላል። እሷም በልጅነቷ አጠገቡ ቆማ አብራው «ሞተ» ትል ነበር።

ሰፈሩ ይህን ሰው ወደደው። ሴቶቹ የምድጃቸውን አመድ ከመጣል በጣሳ እየያዙ ያመጡለታል። እናቷ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ፣ በየጣሳው እንቁላል እያደረገች ትመልሳለች። አመድ ይመጣል፣ እንቁላል ይሄዳል። በዚህ የተነሳ መንገዱ ላይ ባትሪ ሠሪው የሚመሰገነውን ያህል የሚመሰገን ሰው አልነበረም። ዶሮዎቹም ቢሆኑ ደስተኞች ነበሩ። ዶሮ የላመ አመድ ካገኘች ሌላ ምን ትፈልጋለች? ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዞር ስትል ተሰልፈው ይሄዱና እዚያ ጉድጓድ ላይ ይንከባለላሉ፣ ይጭራሉ፣ ይለቅማሉ። አለቃ ይህን ማየት በጣም ትወድ ነበር።

«እርሳስ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ብቻ አይቀርም» አለች ሐኪሟ። «ደሟ ውስጥ ይገባል፣ አጥንቷ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉም ከደሟና ከአጥንቷ ነው የሚሠራው። ትንሽ ልጅ አለ እናንተ ቤት?»

«ወንድሜ። ሦስት ዓመቱን አልፏል።»

«እሱም ይበላል?»

ወንድሟ ድንቡሼ ይበላል ወይ? ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ትልቁን፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን እንቁላል የምትመርጥለት እሷ ናት። የምትቀቅለውም፣ ቅርፊቱን የምትልጠውም እሷ ናት። «ድንቡሼ» የተባለው ሕፃን ሳለ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ ይታይ ስለነበር ነው። አሁን ስሙ ብቻ ቀርቶታል። ከሳ፣ ሆዱን ይዞ መተኛት አበዛ፣ ያለምክንያት ያለቅሳል። እሷም እንዲጠነክርላት ብላ አንድ የነበረውን ሁለት አደረገችው። በከሳ ቁጥር እንቁላል ትጨምርለታለች፤ እንቁላል በጨመረችለት ቁጥር ይከሳል።

«በየቀኑ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ስለ ሰው ልጅ ልናገር አልችልም» አለች ሐኪሟ፣ አሁን ግን ፊቷን አዙራ በደንብ እያየቻት። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይወሰድና ደሙ ይታይ። እንቁላሉን ከዛሬ ጀምራችሁ አቁሙ። ዶሮዋን እኔ ጋ ተያት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ብሳሳት ደስ ይለኛል።»

አለቃ ባዶውን ካርቶን ይዛ ወጣች። ለምን እንደያዘችው አታውቅም።

አባቷ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ የግቢው ፊት ለፊት ነው፤ አንዱ በሩ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ጓሮ ይከፈታል። በግድግዳው ዙሪያ ባትሪዎች በመደርደሪያ ተደርድረዋል፣ ቀይና ጥቁር ገመዶች ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ፣ አየሩ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። አባቷ ቱታውን ለብሶ ዝቅ ብሎ ባትሪ ያብሳል። ጥንቁቅ ሰው ነው። እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ውሃ እንኳ አይጠጣም።

«አባዬ፣ ገብስማዋ ሆድ ውስጥ እርሳስ አለ» አለችው።

«ምን አለ?»

ሁሉንም ነገረችው። ራጁን፣ ነጭ ነጥቦቹን፣ እንቁላሉን። እሱ የያዘውን ጨርቅ ደጋግሞ አጠፈው።

«አመድ እኮ እጨምርበታለሁ» አለ። «እያየሽ አይደል እንዴ የምትኖሪው? አሲዱ ይሞታል።»

«አሲዱ ሞቷል አባዬ። እርሳሱ ግን አይሞትም። አመድ ምንም አያደርገውም።»

«ማን አለ?»

«ዶክተሯ።»

«ዶክተሯ የዶሮ ዶክተር ናት።»

«ያየችውም ዶሮ ውስጥ ነው።»

አባቷ ጨርቁን አስቀመጠ። የተቆጣ ይመስላል እንጂ አልተቆጣም፤ ሲደነግጥ ፊቱ እንዲህ ነው የሚሆነው። «መቼም የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» አለ። «ያ ሰውዬ ቦይ ውስጥ እየደፋ ሰውን ሲያቃጥል ኖሮ በሰላም ሄደ። እኔ ለሰው አስቤ፣ በራሴ ግቢ፣ በራሴ አካፋ...»

ንግግሩን አልጨረሰውም። በጓሮው በር በኩል ሲያይ ዓይኑ ቆመ። አለቃም ዞር አለች።

ድንቡሼ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሏል። በሻይ ማንኪያ አመዱን እየዛቀ ቀዩዋ ዶሮ ጀርባ ላይ ያፈሳል። ዶሮ ማጠብ ጨዋታው ነው። መላው ቤተሰብ በዚህ ጨዋታ ስንት ጊዜ ስቋል። እጁ እስከ ክርኑ አመድ ሆኗል። የአፉ ዙሪያም አመድ ነው።

አለቃ እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም። ስታነሳው ማንኪያው ወደቀበትና ማልቀስ ጀመረ። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ሱቅ ውስጥ።

በማግስቱ እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ ድንቡሼን ወሰደችው። የደሙ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚያወራው ስለ ጨው፣ ስለ በር፣ ስለ ውሃ ብቻ ነበር። ከዚያ ውጤቱ መጣ። በልጁ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል፤ ከፍ ያለ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ጥያቄ ሲጠይቅ እናቷ እያንዳንዱን «አዎ» እያለች መለሰች። ሆዱን ያመዋል? አዎ። ምግብ ይጠላል? አዎ። ይነጫነጫል? አዎ። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ጠፍተውበታል?

ይሄን ሲጠይቅ እናቷ ልጁን አቅፋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ድንቡሼ ድሮ «ውሃ ስጪኝ» ይል ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ «ው» ብሎ በጣቱ ያሳያል። እነሱ ሰነፍ ሆነ ብለው ይስቁበት ነበር። «ንጉሡ ማውራት ደከማቸው» ትል የነበረችው አለቃ ናት።

«ምንጩ ከራቀለት ይቀንሳል» ብሎ ነበር ሐኪሙ። «የሄደው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም። በየጊዜው አምጪው።»

ያን ዕለት ወደ ማታ ገደማ አባቷ ሱቁን ዘግቶ በጓሮው በር ገባ። ድንቡሼ እንደ ሁልጊዜው ሲያየው እየሮጠ ሄደ። ሁልጊዜ የአባቱን እግር በሁለት እጁ ያቅፍና ፊቱን ቱታው ውስጥ ይቀብራል፤ አባቱም በታጠበ እጁ አናቱን ይዳብሰዋል። ዛሬ አባቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳና ወደኋላ ሸሸ።

«አትንካኝ» አለው። «አትንካኝ የኔ ልጅ፣ ቆይ፣ ቱታዬ...»

ድንቡሼ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አባቱን ምን እንዳስቀየመው አያውቅም። አለቃ ከኋላ መጥታ አነሳችው፤ አባቷ ግን እጁን እንዳነሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያኔ ነው ሁሉም ነገር እውነት የሆነባት። ራጁም፣ ወረቀቱም፣ የሐኪሙ ቃልም እንደዚያ አላስደነገጧትም።

በነጋታው አባቷ ጉድጓዱን በወፍራም ላስቲክ ሸፈነው፣ ከላይ ቆርቆሮ አነጠፈበት፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጫነበት። ቱታውን ሱቁ ውስጥ አውልቆ መተው ጀመረ። ዶሮዎቹ በሽቦ አጥር ታጠሩ። ይህን ሁሉ ሲጨርስ አለቃን ጠራት። እናቷ ምድጃው አጠገብ ቆማለች።

«ስሚኝ አለቃ» አለ። «ጉድጓዱን ዘግቻለሁ። ባለሙያ አፈላልጌ አፈሩን በወጉ አስወጣዋለሁ። እንቁላል ለሰው መስጠት አቁመናል። ከእንግዲህ የሚጎዳ ሰው የለም። ለጎረቤት ግን አንድ ቃል እንዳይወጣ።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ እንዴ? ወሬው ከወጣ ማን ባትሪውን ያመጣልኛል? ሱቁ ከተዘጋ ወንድምሽን በምን እናሳክመዋለን? አንዳንዴ ዝምታ ወርቅ ነው።»

አለቃ እናቷን አየቻት። እናቷ ወለሉን ታያለች።

«እሺ» አለች አለቃ። ነገሩ ደግሞ ትክክል ይመስል ነበር። ቆሟል አይደል? የቆመን ነገር ማውራት ማንን ይጠቅማል?

ይህ «እሺ» ከሰዓት በኋላ ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

ልብስ ሰፊዋ የወተት ዱቄት ጣሳዋን አመድ ሞልታ፣ ሆዷን አስቀድማ፣ እያለከለከች በበሩ ገባች። ሱቋ ከነሱ በሁለት ቤት ይርቃል። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ለመውለድ ብዙ አልቀራትም። አለቃን ከልጅነቷ ጀምሮ የትምህርት ቤት ልብሷን የምታሳጥርላት፣ የምታስረዝምላት እሷ ናት፤ አለቃም «እቴቴ» ነው የምትላት።

«አንቺ አለቃ» አለች ጣሳውን እያስቀመጠች፤ «ምነው ጠፋሽ? ሠራተኞችሽ አድማ መቱ እንዴ?»

አለቃ ሳቀች። ሳቁ ደረቅ ነበር። «ላባቸውን እየቀየሩ ነው እቴቴ። ላባ ሲቀይሩ እንቁላል አይጥሉም።»

ውሸቱ ቅልብጭ ብሎ ነው የወጣው። ዶሮ ላባ ስትቀይር እውነትም አትጥልም። ደግሞ ዶሮን በተመለከተ አለቃን የሚጠራጠር ሰው በሰፈሩ የለም።

«እኔስ ምን ቸገረኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወገቧን እየያዘች። «እናትሽ የሰጠችኝን መች ጨረስኩት? ሆዴ እንቁላል ጠልቶ ስለነበር አጠራቅሜዋለሁ። ባለፈው የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ደምሽ አንሷል፣ እንቁላል ብይ ብላ ተቆጣችኝ። አሁን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው። ይሄ ልጅ ሲወጣ ይጮሃል መሰለኝ፣ እንደ ዶሮ።» በራሷ ቀልድ ሳቀች። «ጣሳውን ሲመቻችሁ መልሱልኝ።»

ሄደች። አለቃ ጣሳውን እያየች ቆመች።

ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። እንቁላል መስጠት አቁመናል ብሏል አባቷ። ከእንግዲህ የሚጎዳ ሰው የለም ብሏል። ከዚህ ግቢ የወጣው እንቁላል ግን በየሰው ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለሌሎቹ ጣሳዎችም አሰበች፤ ስለ እያንዳንዱ ቤት፣ በእያንዳንዱ ቤት ስላለው ልጅ። ፈራች፤ በደንብ ነው የፈራችው። አባቷን ትወደዋለች። ሱቁ ባዶ ሆኖ፣ እሱ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገዱን ሲያይ ታያት። ወዲያው ደግሞ ማንኪያውን ይዞ የተቀመጠው ድንቡሼ ታያት፣ አፉ ዙሪያ አመድ።

አመዱን ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ደፋችው። ጣሳውን ቧንቧው ሥር አጠበችው፤ በሳሙና፣ ደጋግማ። እናቷ በመስኮት ታያት ነበር። ወጥታ ንጹሕ ጨርቅ ሰጠቻትና ተመለሰች። አለቃ ጣሳውን አደረቀችው።

ወደ መንገድ ለመውጣት በሱቁ ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል። አባቷ አንድ ባትሪ ላይ ገመድ ሊያያይዝ ጎንበስ ብሏል።

«ወዴት ነው?»

«የእቴቴን ጣሳ ልመልስ።»

አባቷ ቀና አለ። ጣሳውን አየ። ከዚህ ቤት ባዶ ጣሳ ወጥቶ አያውቅም።

«ተነጋግረን ነበር አለቃ።»

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እየበላች ነው አባዬ። አጠራቅማው ነው። ድንቡሼ እኮ ሁለት ነበር የሚበላው።»

አባቷ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። እጆቹን አያቸው፣ ፊትና ጀርባቸውን። ከዚያ አንድ አሮጌ ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አለቃ ይከለክለኛል ብላ ጠበቀች። ሂጂም አላላት፣ አትሂጂም አላላት። የደከመው ሽማግሌ መሰላት። አጠገቡ ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች፤ ቱታውን አስታወሰችና ቆመች።

ወጣች።

የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ከሩቅ ይንተከተካል። በሩ ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ ለሕፃን የሚሆን ትንሽዬ ነጭ ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቷል፤ ከመደርደሪያው ሥር፣ በጨርቅ ቅሪት በተሞላ ቅርጫት ውስጥ፣ እንቁላሎቹ ተደርድረዋል።

«ቶሎ መለስሽው ደግሞ» አለች ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አቁማ። ጣሳውን ተቀበለችና እንደ ልማዷ እጇን ከተተች። እጇ ባዶውን ወጣ። ጣሳውን አዘንብላ ውስጡን አየች፣ ከዚያ አለቃን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ ሊመጣ ብሎ ቆመ።

አለቃ ደፉን ተሻግራ ገባችና ከቅርጫቱ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«እቴቴ» አለች፤ «ዶሮዎቹ ላባ አልቀየሩም።»